የአደራ ፎልደር

ሐጅ ሙሐመድጣሂር ሲቆጡ አይጮሁም። ሲቆጡ ድምፃቸው ዝቅ ይላል፤ የባሰ ሲቆጡ ደግሞ የተቆጡትን ሰው ፊታቸው አቁመው ወደ ባለቤታቸው ወደ ሰይዳ ይዞሩና በእሳቸው በኩል መልእክት መላክ ይጀምራሉ። ዋሲላ ገና ለጋ ሙሽራ ሳለች ይህን ከባሏ ከአብዱረሕማን ሰምታ ሆዷን ይዛ ስቃ ነበር። የሰው ታሪክ ሲሆን ያስቃል። በራስ ሲደርስ ሳቁ ከየት ይምጣ።

«ሰይዳ» አሉ ያን ዕለት ጠዋት፣ ከፎቶ ቤታቸው ኮምፒውተር ፊት እንደተቀመጡ፤ «ለሙሽራይቱ ንገሪያት። በገዛ ቤቴ የገዛ ፎቶየን ልክፈት ብል ፈቃድ የለህም ተባልሁ በያት።»

ዋሲላ በሩ ላይ ቆማለች። እጇን ብትዘረጋ ትከሻቸውን ትነካለች።

ሰይዳ የከርከዴውን መጠጥ ጆግ እንደያዙ አንዴ ባላቸውን አንዴ ምራታቸውን አዩ። «እዚሁ ናት እኮ፤ ሰምታለች።»

«ንገሪያት ነው ያልሁ።»

«ፈቃድ ከልክለሻቸዋል አሉ» አሉ ሰይዳ፣ ባል ያዘዘውን ለመፈጸም ያህል፤ ጆጉንም አስቀምጠው ወጡ።

ዋሲላን የወጋት ክሱ አልነበረም። «ሙሽራይቱ» የሚለው ቃል ነው። እስከ ትናንት ማታ «ያ ቢንቲ» ነበር የሚሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ድንበር ላይ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ፍቅራቸውም ቁጣቸውም በዐረብኛ ይጀምራል። እሷ ደግሞ አባቷን ገና ጡት ሳትጥል ያጣች ልጅ ናት፤ ልጄ ብሎ የጠራት ወንድ ሐጅ የመጀመሪያው ናቸው። ያ ስም ከእጇ ሊወጣ ነው ብላ ፈራች። ሰው ምን አለበት ይል ይሆናል፤ ያላጣ ሰው ነው እንዲያ የሚለው።

ነገሩ ከፎቶዎቹ ነው የሚጀምረው። ሐጅ በመተማ ዮሐንስ ፎቶ ቤት ከፍተው ስንት ዘመን ሠርተዋል። ሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር ደጋ የሚወርደው ጎበዝ ሁሉ እርሻ ከመግባቱ በፊት እሳቸው ዘንድ ጎራ ይል ነበር። የራሱ ኮት ያለው እምብዛም ስለሆነ ሐጅ አንድ ጥቁር ኮት ምስማር ላይ ሰቅለው ለሁሉም ያለብሱታል። ፊልሙ ታጥቦ እስኪወጣ ግን ቀን ይፈጃል፤ ጎበዙም አይጠብቅም፤ «ስመለስ እወስዳለሁ» ብሎ ይሄዳል። ከሄዱት ሁሉም አልተመለሱም። አንዱን ወባ ይጥለዋል፣ አንዱ ድንበር ተሻግሮ ይቀራል፣ አንዱ በሌላ መንገድ ወዳገሩ ይገባል። ሐጅ ታዲያ የአንዱንም ፎቶ አልጣሉም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» እያሉ በካርቶን በካርቶን አስቀመጡት። ስልክ መጥቶ ፎቶ ቤትን ገደል ከከተተው በኋላ፣ ድንበሩም ሲቀዘቅዝ፣ ገንዳ ውሃ ከተማ ወዳለው ቤታቸው ሲዛወሩ ከዕቃው ሁሉ አስቀድመው የጫኑት እነዚያን ካርቶኖች ነበር።

ዋሲላ ገንዳ ውሃ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህርት ናት። ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን ካርቶኖቹን ብትከፍት ሙቀቱ ኔጋቲቩን አጣብቆታል፣ ምስጡም ጠርዝ ጠርዙን ጀምሯል። አማቷን ለምና፣ አስረድታ፣ ትንሽም አስፈራርታ ሁሉም ስካን እንዲደረግ አሳመነች። ከጎንደር ሁለት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች አስመጣች። ከተማው ውስጥ የሚዞረው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ የተሸከመ ስለሆነ፣ ማሽኖቹም ያረጁ ስለሆኑ፣ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም ጫነችባቸው። አንዱ ከነስካነሩ ፊት ለፊት፣ ሐጅ እዚህም ለጉርድ ፎቶ በከፈቱት ፎቶ ቤት፣ ሱቅ በሚሉት ክፍል ተቀመጠ። ትልቅ ዲስክ ያለው ሁለተኛው ከግቢው ማዶ፣ እሷና አብዱረሕማን በሚኖሩበት ጓዳ። በመካከላቸው አንድ ገመድ በግቢው ላይ ተዘረጋ። በሁለቱም ላይ ሐጅና ዋሲላ የየራሳቸው መግቢያ ስም ተጻፈላቸው። ፎቶው የሚጠራቀመው ጓዳ ነው፤ የሚከፈተው ግን ሱቅ ውስጥ፣ እዚያው እንዳለ ሆኖ። ጎተራው ጓዳ፣ በሩ ሱቅ እንደማለት ነው።

ሐጅ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ነፉ፤ ቀስ በቀስ ግን ለመዱት፣ ከለመዱትም በኋላ ማን ያስነሳቸው። ጠዋት ጠዋት ስካን ያደርጋሉ፤ የያንዳንዱን መልክ እያዩ «ይኼ እግሩ ያነክስ ነበር»፣ «ይኼ ሲያወራ አይጠገብም ነበር» ይላሉ። ማታ ዋሲላ አቧራውንና ጭረቱን በኮምፒውተሯ ታጸዳለች። በትዳር ወራቷ ከባሏ ይልቅ ከአማቷ ጋር ብዙ አውርታለች ቢባል ሐሰት አይደለም፤ አብዱረሕማን አብደራፊ እርሻ ወርዶ ትራክተር ላይ ነው፣ ስልኩም ኔትወርክ ሲያገኝ ነው።

ከሰሞኑ ግን ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ አንድ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ማውሱን እንዲያው ሲነካካ ሁለት ፎቶ አጠፋ። ዋሲላ መልሳ አመጣቻቸው። ሐጅ ግን ልባቸው አላረፈም። «መንገደኛ ሁሉ የሚገባበት አደራ፣ አደራ አይባልም» አሉ። ትናንት ማታ እሷ ምንም ሳትነግራቸው ፎልደሩን ዘጋችው። ጓዳ ካለው ኮምፒውተር ላይ ሆና ባለቤቱን ሙሐመድጣሂር ብላ አስመዘገበች፤ ከእሳቸው በቀር ማንም እንዳይገባ አደረገች፤ ራሷንም ጭምር አስወጣች። ጠዋት ሲደነቁ ለማየት ጓጉታ ነው ያደረችው። ስጦታ መስጠቷ ነበር።

ሐጅ ጠዋት ቁጭ አሉ፣ ፎልደሩን ነኩ፣ ማሽኑም በእንግሊዝኛ ፈቃድ የለህም አላቸው። የቃሉን ትርጉም ያስተማረቻቸው ራሷ ዋሲላ ናት። ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አድርጎ ባለቤቱ ማን እንደሆነ ማየትንም ያስተማረቻቸው እሷው ናት። ሐጅም አዩ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አዩ። ባለቤት በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው «ዋሲላ» ነው።

የነገሩ ክፋት ቀኑ ራሱ ቀጠሮ ያለበት መሆኑ ነው። አሰበች የምትባል የጎጃም ሴት፣ ዘንድሮ አንድ እርሻ ላይ ለአጫጆች ወጥ ስትሠራ የከረመች፣ በቀደም መጥታ «አባቴ ውባንተ ይባላል፤ በጎረምሳነቱ መተማ ኮት ለብሼ ፎቶ ተነስቻለሁ እያለ ዕድሜያችንን አሰልችቶናል፤ ውሸቱን ይሁን እውነቱን ልይለት» ብላ ነበር። ሐጅ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ካሰቡ በኋላ «እጁ ከኮቱ እጅጌ ያለፈው ረጅሙ» አሉ፤ አገኙትም። ዛሬ ታትሞ ሊሰጣት ነው ቀጠሮው፤ ስድስት ሰዓት ላይ በሚወጣው ሚኒባስ ወደ ጎንደር፣ ከዚያ ወዳገሯ ልትሄድ። ይኸው ከነጓዟ መጥታ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች፣ የቤቱን ጸብ እንዳልሰማ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን እያየች።

ዋሲላ ክሱን ለመመለስ አልሞከረችም። በዚያ ቤት ምራት አማት ፊት አትከራከርም፤ ሥራዋ ይከራከርላት። ከገመዱ ጀመረች።

«ፍየሏ ናት» አሉ ሰይዳ ከማድቤት ሆነው። «ትናንት ስታኝከው አይቻታለሁ።»

ፍየሏ በእርግጥ የገመዱን ልጣጭ ቀምሳዋለች፤ ግን አልበጠሰችውም። ዋሲላ ሁለቱን ኮምፒውተሮች የሚያገናኘውን ራውተር አጥፍታ አበራችው፤ መብራቶቹ ብልጭ ብልጭ አሉ። አንዱ ኮምፒውተር ሌላውን «አለህ?» ብሎ የሚጠራበት ትእዛዝ አለ፤ ያን ሰጠች፤ የጓዳው «አለሁ፣ አለሁ» እያለ መለሰ። መንገዱ ደህና ነው። ግቢውን አቋርጣ ጓዳዋ ገባች፤ ፎልደሩን በቀኝ ጠቅ አደረገች። ባለቤት፦ ሙሐመድጣሂር። ትናንት እንደጻፈችው፣ ሳይጓደል ሳይጨመር።

በስልኳ ስክሪኑን ፎቶ አንስታ ወደ ሱቅ ተመለሰችና ለሐጅ ዘረጋችላቸው። «እርስዎን ነው የሚለው አባባ፤ ይኸው ስመዎ።»

ሐጅ ስልኩን በግማሽ ዓይናቸው አዩት። «ሰይዳ» አሉ፤ «እማዶ ያለውን እማዶ ያለ ሰው ይየው። እኔ እዚህ ያለውን አይቻለሁ በያት።»

ዋሲላ ጎንበስ ብላ የሱቁን ስክሪን ተመለከተች። እውነታቸውን ነው። ባለቤት፦ ዋሲላ። አንድ ፎልደር፣ አንድ ገመድ፣ ሁለት ባለቤት። በማስተማር ዘመኗ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። በቸገራት ጊዜ ሰው የሚያደርገውን አደረገች፤ ያገኘችውን ሞከረች። ከሐጅ ስም ወጥታ በራሷ ስም ወደ ሱቁ ኮምፒውተር ገባች። «ራሴንም ጭምር አስወጥቻለሁ፤ ይዩት አባባ» አለች፤ እንቢ ይለኛል፣ እንቢ ሲለኝም ያያሉ፣ ንጹሕ መሆኔን ያውቃሉ ብላ ነው።

ፎልደሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። የዘመናት አጫጆች በጥቁር ኮት ተደርድረው ስክሪኑን ሞሉት፤ በሐጅ ፊት፣ በእንግዳዋ ፊት።

ሐጅ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ኸላስ» አሉ፤ በቃ ማለታቸው ነው። «ታየ።» መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወጥተው ግቢው ውስጥ ባለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር የገመድ አልጋቸው ላይ ጀርባቸውን ለሱቁ ሰጥተው ተቀመጡ።

የዋሲላ ዓይን እንባ ሞላ። ቢሆንም እንግዳ አለች፤ ሚኒባስም አለ። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠራርጋ «እህቴ፣ ያባትሽ ፎቶ ይኸውልሽ፤ ላትምልሽና ሂጂ» አለች።

አሰበች ከወንበሯ አልተነሳችም። «ወዲያ፣ አልቀበልም» አለች ቀስ ብላ። «አትቀየሚኝ። አባቴ ‹ከፎቶ አንሺው እጅ ተቀበይ› ነው ያለኝ። እሳቸው ተቀይመው ሳለ ብወስድ ሰርቄ የሄድሁ ይመስለኛል።» ደግሞ ጨመረች፤ «ሰውየውም እውነታቸውን ነው። ራሴን አስወጥቻለሁ ትያለሽ፤ ታዲያ ላንቺ ለምን ከፈተልሽ?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር። ዋሲላም ከአጠገቧ ያለውን ካርቶን ታስተካክል ጀመር፤ እጅ ሲፈታ አእምሮ ይረበሻል። አሰበችም ወደ ካርቶኑ አንገቷን አስግጋ «ስም እንኳ የለበትም እኮ። ይህን ሁሉ ሰው በምን ለይተው ያገኙታል?» አለች።

«በቁጥር ነው» አለች ዋሲላ። «ስም ምን ያደርጋል፤ ካንድ ወረዳ ስንት ውባንተ ይመጣል። ሐጅ ፖስታው ጀርባ ላይ ቁጥር ይጽፋሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩን ነው እንጂ ስሙን…»

አረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰችና «እኔ ስንተኛ ነኝ?» ብላ ጠየቀችው። ሊኑክስ ሰውን በስሙ አያውቀውም። ስሙን የሚጽፈው ለእኛ ብሎ ነው፤ በልቡ የያዘው ቁጥሩን ነው። ሰው መቁጠር የሚጀምረውም ከሺህ ነው፤ መጀመሪያ የተመዘገበው ሺህ፣ ሁለተኛው ሺህ አንድ። የሱቁ ኮምፒውተር ሐጅን ሺህ፣ ዋሲላን ሺህ አንድ ብሎ ይዟል። ጫማዋን ሳታጠልቅ ወደ ጓዳ ሮጠች። የጓዳው ዋሲላን ሺህ፣ ሐጅን ሺህ አንድ ብሎ ይዟል።

ያኔ ሁለቱም ቀን ትዝ አላት። በዚያ ቤት አዲስ ነገር ያለታላቅ አይጀመርም፤ አዲስ ጆንያ አይፈታም፣ አዲስ ወጥ አይቀመስም፣ ሐጅ ቢስሚላሂ ካላሉ። ስለዚህ የሱቁ ኮምፒውተር በገባ ቀን መጀመሪያ የጻፈችው የእሳቸውን ስም ነው። የጓዳው የገባ ቀን ግን ሐጅ ሊመርቁ መጡና ደፉን ሳይረግጡ በር ላይ ቆሙ። አማት የሙሽሮች ጓዳ ዘው ብሎ አይገባም። «እዚህ ባለቤቲቱ አንቺ ነሽ» አሏት ከውጭ ሆነው፤ «እኔ እንግዳ ነኝ። ራስሽን አስቀድመሽ ጻፊ።» እሷም እምቢ ብትል ነውር ስለሆነ ራሷን አስቀደመች።

ትናንት ማታ ጓዳ ሆና ፎልደሩን ለሐጅ ስትሰጥ ማሽኑ ለሺህ አንድ ሰጠው። ሱቅ ውስጥ ሺህ አንድ ማን ናት? ዋሲላ ናት። ማሽኑ አልዋሸም፤ እሷም አልዋሸች፤ ሐጅም አልተሳሳቱ። ሁለት ሰዎች እየተሽቀዳደሙ ሲከባበሩ በር ተዘጋባቸው፤ ሌላ የለም።

ከካርቶኑ ሁለት ባዶ ፖስታ አንስታ በአንዱ ጀርባ ላይ የሱቁን ቁጥሮች ከነስማቸው ጻፈች፣ በሌላውም ላይ የጓዳውን ጻፈች፤ ወደ ኒሟ ሄዳ ከአልጋው ፊት ቆመች።

«ለሙሽራይቱ ንገሪያት…» ብለው ጀመሩ ሐጅ፤ ዙሪያቸውን ቢያዩ ከፍየሏ በቀር ማንም የለም። ሰይዳ ማድቤት ናቸው። ሐጅ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ምንድን ነው?»

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቀዎ። መተማ ያለው ካርቶን ውስጥ ሺህ አንድ ብለው የጻፉበት ፖስታ የውባንተ ነው እንበል። ገንዳ ውሃ መጥተው ሌላ ካርቶን ሲጀምሩ ደግሞ ሺህ አንድ ብለው የሌላ ሰው ፎቶ ቢከቱ፣ አሰበች መጥታ የሺህ አንድን ስጡኝ ብትል ምን ይሆናል?»

«የሌላ ሰው አባት ይዛ ትሄዳለቻ» አሉ ሐጅ፤ ስለ ሙያቸው ሲጠየቁ ቂም መያዝ አይሆንላቸውም። «እንዲህ ያለ ጥፋት አይሠራም። ሳጥን ሲለወጥ ቁጥር ይቀጥላል እንጂ እንደገና አይጀመርም። ይኼን ማንም ፎቶ አንሺ ያውቀዋል።»

«እኔ ፎቶ አንሺ አይደለሁማ» አለች ዋሲላ። ሁለቱን ፖስታዎች አልጋው ላይ አኖረችላቸው። «ሱቅ ውስጥ እርስዎን አስቀደምሁ። ጓዳ ውስጥ እርስዎ እኔን አስቀደሙኝ። ሁለቱም ሳጥን እንደገና ነው የጀመረው። ፎልደሩን ትናንት ለእርስዎ ብቻ ነበር የዘጋሁት፤ ጓዳ ሆኜ የጻፍሁት የእርስዎ ቁጥር ሱቅ ሲደርስ የእኔ ቁጥር ሆነ።»

ሐጅ አንዱን ፖስታ አነሱ፣ ሌላውን አነሱ፣ አስተያዩ። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ከዚያ ሆዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው፤ ሐጅ ሲስቁም ድምፅ የላቸውም።

«እኔ በሱቄ አንደኛ። አንቺ በጓዳሽ አንደኛ። ሁለት አንደኛ ተገናኝቶ ተጣላ በይኛ።»

«አንዳችን አንደኝነቱን መልቀቅ አለብን። እኔ ልልቀቅ አባባ፤ በጓዳው ሁለተኛ እሆናለሁ፤ ምንም አይደለም።»

«ላ» አሉ ሐጅ፤ እንቢ ማለታቸው ነው። «በጓዳሽ ቅደሚ ያልሁሽ እኔ ነኝ። የሰጠሁትን ቃል ለማሽን ብየ አላጥፍም። የሱቁን እኔ ልልቀቅልሽ።»

ዋሲላ ሱቅ ማለት በዚህ ሰው አፍ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች።

ሰይዳ የማድቤቱን መጋረጃ ገልጠው አንገታቸውን አወጡ፤ ለካ ሁሉንም ሰምተዋል። «ሐጅ ሁለተኛ ሆኑ? አላህ ያሳየን። እኔስ ስንተኛ ነኝ?»

«በሊኑክስ ሁሉንም የሚያዝ፣ ማንም የማይከለክለው አንድ አለ» አለች ዋሲላ፤ «የእሱ ቁጥር ዜሮ ነው። እርስዎ እሱ ነዎት እማማ።»

«ይኼ ማሽን የቤታችንን ነገር በደንብ ያውቃል» አሉ ሐጅ፣ ተነሥተው ጫማቸውን እየፈለጉ።

ሥራው ብዙ አልፈጀም። ዋሲላ በዚያው በዜሮው ስም ወደ ሱቁ ኮምፒውተር ገብታ የሁለቱን ቁጥር አቀያየረች፤ እዚያ የነበረውንም የየራሳቸውን ንብረት ከአዲሱ ቁጥር ጋር አዛወረች። ከዚያ ወንበሩን ለቀቀችላቸው። ሐጅ ቁጭ አሉ፣ በራሳቸው ስም ገቡ፣ ፎልደሩን ነኩ። ተከፈተ። ሐጅ ግን ለማመን አልቸኮሉም፤ በቀኝ ጠቅ አድርገው ባለቤቱን ካነበቡ በኋላ ነው ትከሻቸው የወረደው።

«ለኔ ብቻ ነው የዘጋሽው?»

«አዎ።»

«ላንቺም ክፈችው። አደራ አንድ ሰው ብቻ አይጠብቀውም፤ ሰው ይሞታል። መንገደኛው ውጭ ይቆይ።»

ለሁለቱም ከፈተችው።

የውባንተ ፎቶ ከፕሪንተሩ ሲወጣ አሰበች ከአግዳሚው ተነሥታ ቀረበች። ረጅም ጎረምሳ ነው፤ የኮቱ እጅጌ ክንዱ ላይ አልቆበታል፤ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ አገር የገዛ ሰው መስሎ ቆሟል። አሰበች ለብዙ ጊዜ አየችው። አፏን በእጇ ሸፍና «ለካ አልዋሸም» አለች። «ስንቀልድበት እኮ ነው የኖርን፤ ለካስ እንዲህ ያለ ወንድ ነበር።» ትስቃለች፣ እንባዋም ይወርዳል።

ሐጅ ፎቶውን በፖስታ ከትተው በሁለት እጃቸው ሰጧት። «አደራህን ተቀበል በይው። ያዘገየኸው አንተ ነህ በይውም።»

አሰበች ተቀብላ ወደ በሩ ስትዞር ዓይኗ ግድግዳው ላይ አረፈ። ኮቱ እዚያው ምስማር ላይ ነው፤ ነጥቷል እንጂ ያው ኮት ነው። «ሐጅ፣ ይኼ ነው?»

«እሱው ነው።»

«ለብሼው አንድ ፎቶ አንሱኝ። ጎን ለጎን አድርጌ አሳየዋለሁ።»

ሐጅ ኮቱን አወረዱ፣ አራገፉ፣ አለበሷት። ለአባቷ ያጠረው ለእሷ ረዝሞ ጣቶቿን ውጧል። ሐጅ ኮሌታውን አስተካከሉ፤ እንደ ልማዳቸው ካሜራውን አነሡ፣ ወደ ዓይናቸው አቀረቡ። ከዚያ አወረዱት። በዚያ ፎቶ ቤት ከሐጅ በቀር ካሜራ የነካ ሰው የለም፤ አብዱረሕማን ልጃቸው ሆኖ እንኳ በልጅነቱ አንዴ ነክቶ የተገረፈውን እስካሁን ያወራል። ሐጅ ካሜራውን ወደ ዋሲላ ዘረጉ።

«እኔ?» አለች ዋሲላ።

«ሱቁን ለቀቅሁልሽ ብያለሁ፤ የቀልድ መስሎሽ ነው? ያዥ። ክንድሽን ከጎንሽ ለጥፊው። ስትስቅ አታንሻት፤ ሳቋን ስትጨርስ ነው።»

ዋሲላ ካሜራውን ተቀብላ ክንዷን ከጎኗ ለጠፈች። አሰበች ሳቀች፤ ዋሲላ ጠበቀች፤ ሳቋን ስትጨርስ ተጫነችው።

ፎቶውን በስሟ ገብታ ፎልደሩ ውስጥ አኖረችው፤ ከአጫጆቹ ሁሉ መጨረሻ ላይ፣ ከአባትየው ኮት ጋር ያው ኮት። ሐጅ ከኋላዋ ቆመው ያዩ ነበር። እጃቸውን በትከሻዋ ላይ አሳልፈው ማውሱን ያዙ፣ አዲሱን ፎቶ በቀኝ ጠቅ አደረጉ፣ ጎንበስ ብለውም አነበቡ። ባለቤት፦ ዋሲላ።

«አሁን ልክ ነው» አሉ። ቀና ብለውም የግድግዳውን ሰዓት አዩ። «ቶሎ አትሚላት ያ ቢንቲ፤ ሚኒባሱ እንዳያመልጣት።»